ከምንጣፉ ሥር፦ ስለ ዛገ የመኪና ወለልና ደፍ ጥገና

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንድናገር የጠበቀ ሰው፣ ርዕሴ የአንድ አሮጌ ቮልስ ወለል መሆኑን ሲሰማ ቢገረም አልፈርድበትም። ሆኖም ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምረው የኖርሁትን የቁሶች ጥንካሬ ትምህርት መልሶ ያስተማረኝ ያ ወለል ስለ ሆነ፣ ዕዳዬን በዚህ መድረክ ብከፍል ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

መኪናው ከአባቴ የወረስሁት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ ቮልስዋገን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፣ ልጄን ለፈተና ላደርስ ስጣደፍ ጎማው ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከኋላ ድው የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩም ወዲያው ጠፋ። ወርጄ ባይ ባትሪው በኬብሉ ተንጠልጥሎ አስፋልቱን ነክቷል። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ልጄ የተቀመጠችውም እዚያው ላይ ነበር። እርስዋን አስወርጄ መቀመጫውን ሳነሣው ከበታቹ ወለል የለም፤ አስፋልቱ ይታያል።

ያንን ወለል ከስምንት ዓመት በፊት አሠርቼዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ሒሳቡን ከፍዬ ስረከብ ከላይ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከሥር ጥቁር ሬንጅ ተቀብቶ ነበርና ንጹሕ ሥራ መሰለኝ። በስምንቱ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ምንጣፉን ገልጬ አላየሁም። ዛሬ ያንን ጋራዥ ለመክሰስ አልቆምሁም። ብረት እንዴት እንደሚደክም እያስተማርሁ የራሴን መኪና ያልመረመርሁት እኔ ነኝ።

መኪናው ተጎትቶ የሄደው ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ከሚጠጋ አንድ የባትላሜራ ባለሙያ ዘንድ ነበር። «ጋሼ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ በላዩ ላሜራ ቢለጥፉበት አይበቃም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መለጠፍስ ይለጠፋል ዶክተር፤ ግን እኔ የምበይደው ብረት ላይ ነው፣ ይኼ ብረት አይደለም» አሉኝ። ከዚያም ካቻቢቴ አቀበሉኝና «እስቲ እርስዎ ራስዎ ይውጉት» አሉ። ከበሩ ሥር ያለውን ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ክፍል ወጋሁት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ቀጥለው መኪናውን ከጎኑ በክሪክ ጥቂት አነሡትና «አሁን በሩን ይክፈቱ» አሉኝ። በሩ ጠበቀ። በኃይል ከፈትሁት፤ መልሶ ግን አልዘጋም አለ።

እንግዲህ በዚህ ንግግር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዝገትን መሸፈን ጥገና አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ጉዳቱን ያፋጥናል። ይህን ለማስረዳት ሦስት ጥያቄዎችን በተራ አነሣለሁ። ዝገቱ ለምን እዚያ ቦታ ይጀምራል? የሚዛገው ላሜራ በመኪናው ላይ ምን ሥራ አለው? እውነተኛ ጥገናስ በምን ቅደም ተከተል ይከናወናል?

አስቀድሜ ስለ መኪናው አሠራር ጥቂት ልበል። ቮልስዋገን ቢትል በፈርዲናንድ ፖርሽ መሪነት በ1930ዎቹ የተነደፈ ሲሆን፣ የመጨረሻው በእ.ኤ.አ. 2003 በሜክሲኮ ፑኤብላ ከተማ እስኪመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ወለሉ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በመካከሉ ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፍ፣ እንደ አከርካሪ የሚያገለግል ቱቦ አለ። የማርሽ ዘንጉ፣ ገመዶቹና የነዳጁ መስመር በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። በቱቦው ግራና ቀኝ ሁለት የወለል ላሜራዎች ተበይደዋል። አካሉ ከላይ መጥቶ በወለሉ ዙሪያ በብሎን ይታሰራል፤ በመካከላቸውም ውኃ የሚከለክል ላስቲክ ይገባል። በበሮቹ ሥር፣ በቀኝና በግራ፣ ባዶ ሳጥን የመሰሉ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች አሉ። በቤታችን በር ሥር ያለውን ደፍ እንደምንለው፣ እነዚህንም ደፍ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። በቮልስ ላይ እነዚህ ደፎች ሌላም አገልግሎት አላቸው፤ ከኋላ ካለው ሞተር የሚመጣውን ሞቃት አየር ወደ ተሳፋሪዎቹ እግርና ወደ ፊት መስታወቱ ያደርሳሉ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልለፍ። ብረት እንዲዝግ ውኃና ኦክሲጅን ያስፈልጉታል፤ በውኃው ውስጥ የሟሟ ጨው ወይም አሲድ ካለ ደግሞ ይፋጠናል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪና ወለል ዋነኛ ጠላት ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ጨው አይበተንምና የአዲስ አበባ መኪና አይዝግም የሚል እምነት አለ። በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ነገር የዘነበው ዝናብ መጠን ሳይሆን ላሜራው ሳይደርቅ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ያረጀ የበርና የመስታወት ላስቲክ ውኃ ያስገባል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ድሪቶ ያንን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆየዋል። በየመጋጠሚያው የተጠራቀመው አቧራና ጭቃም እንዲሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም የረጠበ ድሪቶ የተኛበት ላሜራ፣ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ስትወጣም ገና እርጥብ ነው።

በባትሪው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ በትነትም ሆነ በመፍሰስ ቀለሙን ይበላና ራቁቱን የቀረውን ብረት ያጠቃል። ብዙ ቮልሶች በቀኝ በኩል ከኋላ ቀድመው የሚበሱት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሬንጁ እንምጣ። ሬንጅ በንጹሕና በደረቅ ብረት ላይ ቢቀባ የተወሰነ ጥቅም አለው። በዝገትና በእርጥበት ላይ ሲቀባ ግን ውኃውን ከውስጥ ይቆልፈዋል። ተማሪዎቼ እንደምታስታውሱት፣ በአንድ እርጥብ ላሜራ ላይ አየር በደንብ የሚያገኝ ቦታና አየር የተነፈገ ቦታ ጎን ለጎን ሲገኙ፣ ላሜራው በራሱ ላይ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናል። የሚበላውም አየር ያጣው፣ የተሸፈነው ቦታ ነው። ዓይናችን የሚያየው ጠርዝ ደህና መስሎ ሳለ ከሽፋኑ ሥር ያለው ይሟሟል። በተጨማሪም ዝገት ከወጣበት ብረት ቢያንስ እጥፍ የሚሆን ቦታ ይይዛል። በተደራረቡ ሁለት ላሜራዎች መካከል ሲፈጠር እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይለያያቸዋል፤ የብየዳ ነጥቦቹንም ይገነጥላል። በዛገ ወለል ላይ ሌላ ላሜራ መለጠፍ ይህንኑ ሽብልቅ በገዛ እጅ ማዘጋጀት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራ ድርሻን ይመለከታል። ብዙ ሰው ወለሉን እግር ማሳረፊያ፣ ደፉንም ጌጥ አድርጎ ያየዋል። የፊት ወንበሮቹ የታሰሩት ከወለሉ ጋር ነው። ደፉ ደግሞ በሮቹ በተከፈቱበት ቦታ የመኪናውን ፊትና ኋላ የሚያያይዝ ተሸካሚ ነው። በር ባለበት ግድግዳ የለምና ከጣሪያው በታች የሚቀረው እርሱ ነው። የቮልስ ጣሪያው የሚታጠፈው ዓይነት ሲሠራ፣ ጣሪያው ይሰጥ የነበረው ጥንካሬ ስለ ጎደለ ከደፎቹ ሥር ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብረት ተበይዶበታል። አምራቹ ራሱ ደፉን እንዴት ይመለከተው እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን በዓይናችሁ እንድታዩት ሁለት የወረቀት ቱቦዎች ይዣለሁ። የሁለቱም ወረቀት አንድ ነው። የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ፤ ሁለተኛው መጋጠሚያው ክፍት ነው። ፊት ለፊት የተቀመጥሽው ተማሪ፣ እስቲ ሁለቱንም ለመጠምዘዝ ሞክሪ። አያችሁ፤ የተጣበቀው እምቢ አለ፣ ክፍቱ ያለ ምንም ድካም ተጠመዘዘ። በቁጥር ልንገራችሁ። ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር፣ ሬዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የብረት ቱቦ በቁመቱ ቢሰነጠቅ፣ ጠመዝማዛ ኃይልን የመቋቋም ግትርነቱ ከቀድሞው 2,700 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። የመኪና ደፍ ክብ ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው። ከብረቱ የጠፋው ጥቂት ነው፤ ሳጥኑ ግን ሳጥንነቱን አጥቷል። ዝገት ደግሞ የሚጀምረው ከታች፣ ውኃ በሚተኛበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

ይህን ቀመር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። እኒያ አዛውንት ባለሙያ ቀመሩን አይጽፉትም፤ ነገር ግን በክሪክና በበር አሳዩኝ። በሩ የጠበቀው መኪናው ሲነሣ ደፉ ስላልተሸከመና የበሩ ክፈፍ ቅርጹ ስለ ተዛባ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ጥገናው ነው። በዚያ ጋራዥ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየተመላለስሁ ያየሁትን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

ከሁሉ በፊት እሳትን ማሰብ ይገባል። ባትሪው ይወጣል። የነዳጅ ታንኩ ተነቅሎ ከሥራ ቦታው ይርቃል። የነዳጁ መስመር በመካከለኛው ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ወለሉን ከቱቦው ጋር የሚበይድ ሰው ሙቀቱን የሚሰደው ወደዚያ መስመር ነው። ስለዚህ መስመሩ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ወንበሩ፣ ምንጣፉና ድሪቶው ሁሉ ይወጣል፤ እሳት ማጥፊያም በቅርብ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ምርመራ ነው። ሬንጁ ተፍቆ ላሜራው እስኪገለጥ ድረስ የጉዳቱን ልክ መናገር አይቻልም። መዶሻ ሲነካው ጤናማ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የዛገው የታፈነ ድምፅ አለው። በእኔ መኪና ሬንጁ ሲነሣ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ በሪቬት ተይዞ ተገኘ፤ ከቆርቆሮው በላይ የነበረው የቀድሞው ወለል እንደ ደረቀ ቅጠል በእጅ ይፈረፈር ነበር።

ከዚያ የሚመጣው፣ ቸኩለው የሚሠሩ ሰዎች የሚዘልሉት ደረጃ ነው፤ ቅርጹን አስሮ መያዝ። ደፉ ከመቆረጡ በፊት መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። በበሩ ክፍት ቦታ አግድምና ሰያፍ የቱቦላሬ ብረት በጊዜያዊነት ይበየዳል። ሰያፍ ርቀቶቹ ተለክተው ይጻፋሉ። አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ይህ ሳይደረግ ደፉ ከተቆረጠ አካሉ ይጎብጣል፤ አዲሱ ደፍ ሲበየድ ደግሞ ጎባጣነቱ ለዘለዓለም ይጸናል። ከዚያ በኋላ በሩን የሚያስተካክል ማጠፊያ የለም።

አራተኛው መቁረጥ ነው። የሚቆረጠው ዝገቱ እስከሚያልቅበት ሳይሆን፣ ሙሉ ውፍረት ያለው የሚያብረቀርቅ ብረት እስከሚገኝበት ድረስ ነው። የፋብሪካው የብየዳ ነጥቦች አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ ይፈታሉ፤ የጤናማው ክፍል ጠርዝ ግን ሳይነካ ይቀራል፤ አዲሱ የሚያርፍበት እርሱ ነውና። ትንሽ ቁራጭ ብቻ ከሆነ የሚተካው፣ ማዕዘኖቹ ሹል ሳይሆኑ ክብ ይደረጋሉ። ኃይልም ሙቀትም በሹል ማዕዘን ላይ ይከማቻል።

በቮልስ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። አዲሱ ደፍ ከአካሉ ጋር ከመበየዱ በፊት ከወለሉ ጋር በብሎን መታሰር አለበት። የብሎኑ ቀዳዳዎች የተቀመጡበት ቦታ ደፉን ትክክለኛ ስፍራው ላይ ያሳርፈዋል። በሩም ተገጥሞ ተከፍቶና ተዘግቶ ዙሪያውን ያለው ክፍተት ይታያል። ይህ ሁሉ ልክ ሲሆን ብቻ ነው ብየዳው የሚጀመረው።

ስለ ብየዳው ሙቀት ላስታውሳችሁ። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ላሜራ ላይ ያለ ዕረፍት ረጅም መስመር የሚበይድ ሰው ወለሉን እንደ ጥብስ ቆዳ ያጨማድደዋል። ስለዚህ አጭር አጭር ብየዳ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ እያቀዘቀዙ ይሠራል። በካርባይድ ጋዝ የሚሠሩ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉን፤ ነገር ግን ነበልባሉ ሰፊ ቦታ ያግላል። ለዚህ ሥራ በቀጭን ሽቦ የሚበይደው ማሽን ይመረጣል። የፋብሪካው ነጥብ ብየዳ በነበረበት ቦታ የላይኛው ላሜራ ይበሳና ቀዳዳው በብየዳ ይሞላል። የዚንክ ነገርም አይዘነጋ። የጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ለወለል የሚሆነው ያልተለበጠ ላሜራ ነው፤ ጋራዡም አየር የሚዘዋወርበት ይሁን።

የመጨረሻው ደረጃ መከላከል ነው። መጋጠሚያዎቹ ማሸጊያ ይገባባቸዋል፤ ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም፣ ከሥር ደግሞ ጠጠር የሚቋቋም ልባስ ይቀባል። የደፉ ውስጥ በብሩሽ ስለማይደረስ፣ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ፈሳሽ ሰም ይገባበታል። ሰሙ የሚረጨው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይቃጠላልና። በአካሉና በወለሉ መካከል አዲስ ላስቲክ ይገባል። በበሮቹ ታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸው ይታያል። ባትሪውም አሲድ በሚቋቋም ሳህን ላይ ተቀምጦ በማሰሪያው ይጠፈራል፤ ጫፎቹም የወንበሩ ሽቦ እንዳይነካቸው ይሸፈናሉ። ሽቦው ከነካቸው እሳት ሊነሣ ይችላል።

እነዚህን ደረጃዎች ስዘረዝር «ይህ ሁሉ ለአንድ አሮጌ መኪና?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ፊት አነባለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝገቱ መካከለኛውን ቱቦ አልፎ ከበላ፣ ወይም አካሉ ቀድሞ ከጎበጠ፣ መኪናውን ማሰናበት ከሁሉ የሚሻል ምክር ሊሆን ይችላል። እኒያ ባለሙያም ቱቦውን እስኪመረምሩ ድረስ ሥራውን እቀበላለሁ አላሉኝም። ነገር ግን በአገራችን መኪና በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አሁን በእጃችን ያሉት ረጅም ዘመን እንደሚያገለግሉን መገመት አያዳግትም። ቮልስ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ አዲስ የሚመስለን ሁሉ ነገ ወለሉ ይታያል። እንግዲያውስ ጥገናው ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ የደኅንነት ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሦስት አሳቦች ትቼ ልሂድ። ለባለ መኪናዎች፦ ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ይታይልኝ በሉ። ላሜራው ራቁቱን ሳለ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ መሄድ ካልቻላችሁ ፎቶ ይነሣላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜም፣ ክረምት ሲወጣ፣ ምንጣፉን ገልጣችሁ ላሜራውን በእጃችሁ ዳስሱ። ለባለሙያዎች፦ ደንበኛው ርካሹን ሲለምናችሁ ካቻቢቴውን አቀብሉት፤ ብዙ ሰው የሚለምነው ስላላየ ነው። እኔም ለምኜ ነበር። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ፦ የቱቦውን ቀመር ስናስተምር አንድ የተቆረጠ የመኪና ደፍ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥ። ከራሴ መኪና የወጣውን ለላቦራቶሪያችን ሰጥቻለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ በእጃችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ።

መኪናውን የተረከብሁ ቀን አዛውንቱ ሒሳብ ከመቀበላቸው በፊት ዳግመኛ በክሪክ አነሡትና «በሩን ይክፈቱ» አሉኝ። ከፈትሁት፤ መልሼ ገፋሁት፤ ተዘጋ። ልጄ አሁንም የምትቀመጠው በኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ነው። ከመቀመጧ በፊት ግን መቀመጫውን አንሥታ ታያለች፤ እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።